ከሙቅ ውሃ ጋር ፍርፋሪ ሲወርድ፦ ቦይለሩን ከመውቀሳችሁ በፊት

ሻወር ስትወስዱ እግራችሁ ሥር ነጭ ፍርፋሪ ተጠራቅሞ አያችሁ። ወይም ልጅ ለማጠብ ሳፋ ላይ የቀዳችሁት ሙቅ ውሃ ሥሩ ላይ ጥቁር ነገር አስቀመጠ። ባለሙያ ሲጠራ ገና ከበሩ ላይ ሆኖ "ቦይለሩ አርጅቷል፣ ይቀየር" ይላል። ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሮቶው ውስጥ፣ ቧንቧው ውስጥ ወይም ርካሽ ፍሌክሲብል (ቧንቧ የሚያገናኘው ተጣጣፊ ቱቦ) ውስጥ። ስለዚህ መጀመሪያ ፍርፋሪው ምን እንደሆነ እንወቅ። መፍቻ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

የምጽፈው በከተማ ቤቶች በብዛት ስላለው፣ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። 50 ወይም 80 ሊትር የሚይዘው ማለቴ ነው። ሶላር ያላችሁም ግማሹ ይጠቅማችኋል።

ሁለት ብርጭቆ ውሃ

ጠዋት ማንም ውሃ ሳይከፍት ሁለት ንጹሕ ብርጭቆ ያዙ። ሚክሰሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀዝቃዛው አዙሩና አንዱን ሙሉ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቁ አዙሩ። ውሃው መሞቅ ሲጀምር ሁለተኛውን ሙሉ። ሚክሰሩ መሃል ላይ ከቆመ ሁለቱ ይቀላቀሉና ሙከራው ዋጋ የለውም። ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሩብ ሰዓት ያህል ተዉአቸው።

ሙቁ ውሃ ወተት መስሎ ከወረደና ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ ፍርፋሪ የለባችሁም። አየር ነው። ውሃ ሲሞቅ የያዘውን አየር ይለቃል። ምንም አታድርጉ።

ሁለቱም ብርጭቆዎች ሥር ደለል ካለ ችግሩ ከቦይለሩ በፊት ነው። ሙቁ ላይ ብቻ ካለ ቦይለሩ ነው፣ ወይም ከቦይለሩ የሚወጣው መስመር። ሌላ ሙቅ ቧንቧ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ኩሽና፣ እዚያም ድገሙት። አንዱ ቧንቧ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ቦይለሩን ተዉት። የዚያ ቧንቧ ፍሌክሲብል ወይም ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት ናት።

መቼ እንደጀመረም አስታውሱ። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ከሆነ፣ ሰፈር ውስጥ ከተቆፈረ በኋላ ከሆነ፣ ወይም ቤት ውስጥ ቧንቧ ከተሠራ በኋላ ከሆነ ግማሽ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው።

ፍርፋሪውን ለይቶ ማወቅ

ነጭ ካልሲ ወይም ቀጭን ጨርቅ ቧንቧው አፍ ላይ በላስቲክ እሰሩና ሙቅ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ልቀቁበት። ይቀዝቅዝላችሁና ጨርቁን ነጭ ሳህን ላይ አራግፉት። አሁን አንድ ጠርሙስ አቼቶ፣ አንድ ማግኔትና ጣታችሁ ይበቃሉ። ማግኔት ከተበላሸ ስፒከር ውስጥ ይገኛል።

ነጭ ወይም ክሬም መሳይ፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚሰበር ፍርፋሪ ከሆነ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ትንንሽ አረፋ እያወጣ ከሟሟ ኖራ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ራሱ። ውሃው ከመሬት ይዞት የመጣው ካልሲየም ሲሞቅ ሟሙቶ መቆየት ያቅተውና የማሞቂያው ብረት ላይ ይጋገራል። ብረቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ተሰብሮ ሥር ይወርዳል፤ ደቃቁ ከውሃው ጋር ሻወራችሁ ላይ ይደርሳል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚጠጣ ሰፈር ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ግድብ ከሚጠጣው ይበልጥ ይህን ያውቀዋል። የጉድጓድ ውሃ ዓለት መሃል ሲያልፍ ማዕድን ተሸክሞ ይወጣል። ለጤና አያሳስብም። ቦይለሩን ግን ያደክመዋል፤ ቅርፊት የለበሰ ማሞቂያ ውሃውን ለማሞቅ ጊዜ ይፈጅበታል፣ መጨረሻ ላይም ይቃጠላል። ቦይለሩ ሲሞቅ እንደሚፈላ ድስት የሚንጣጣ ከሆነ ሥሩ ላይ ብዙ ተከማችቷል ማለት ነው።

ነጭ ሆኖ አቼቶ ምንም የማያደርገው ከሆነ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ውሃ ላይ ቢንሳፈፍ ደግሞ ጥርጣሬ የለውም። አዲስ ቤት ውስጥ፣ በተለይ ርክክብ ገና በተደረገበት ኮንዶሚኒየም፣ ቧንቧ ሲቆረጥ የቀረ ብናኝና የቴፍሎን ክር ለሳምንታት ሊወርድ ይችላል። የቧንቧዎቹን ወንፊት እየፈታችሁ አራግፉ፤ ያልቃል።

ቡናማ ወይም ቀይ ከሆነ በሁለት ጣት እሹት። እንደ ዱቄት ልስልስ ካለ ጭቃ ነው፣ ከኮረኮረ አሸዋ ነው። ሁለቱም ከውጭ የገቡ ናቸው። ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ከተሰበረና ጨርቅ ላይ የዝገት ቀለም ከተወ ብረት ነው። ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልላችሁ አስጠጉት፤ ከዘለለበት ተረጋገጠ። ካልዘለለ ግን ዝገት አይደለም አትበሉ፤ ቀይ ዝገት ማግኔት ብዙም አይስበውም። አሮጌ ቤት ከሆነ መጀመሪያ የብረት ቧንቧውን ጠርጥሩ። ቧንቧው ፕላስቲክ ሆኖ ዝገቱ በሙቁ በኩል ብቻ ከመጣ ግን የቦይለሩ ሆድ ራሱ እየተበላ ነው።

ጥቁር ከሆነ ጣታችሁ ላይ ጨፍልቁት። እንደ ቀለም ከተቀባና በሳሙናም አልለቅ ካለ ጎማ ነው። በሽቦ የተሸመነው ፍሌክሲብል ውስጡ ጎማ ነው። ሙቀትና ክሎሪን ሲፈራረቁበት ይሟሽሽና ይላጣል። ከላይ ሽቦው እያብረቀረቀ ስለሚቆይ ማንም አይጠረጥረውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሙቁን ፍሌክሲብል ቀይሩ። ስትገዙ ለሙቅ ውሃ የሚሆን በሉ፣ በጣም ርካሹንም አትምረጡ። ጥቁሩ ጠንካራ ጥራጥሬ ከሆነና ቤታችሁ የከሰል ፊልተር ካለ ፊልተሩ ተቀዷል።

ጄሊ የመሰለ፣ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ቢጤ ነገር አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ቦይለሩ ውስጥ በእሱ ፈንታ እንዲበላ ተብሎ የሚገባ ዘንግ አለ፤ አኖድ ይባላል። ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ሲበላ እንዲህ ያለ ዝቃጭ ይተዋል። ውሃው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነም አኖዱና ቦይለሩ ውስጥ የተራቡ ባክቴሪያዎች ተጋግዘው የሠሩት ነው።

የትኛውም ይሁን፣ ከሙቁ ቧንቧ የሚወርደውን ውሃ ለቡናም፣ ለሻይም፣ ለሕፃን ወተትም አትጠቀሙ። ሙቅ ውሃ ከቧንቧና ከመገጣጠሚያ ብረት የማሟሟት አቅሙ ከቀዝቃዛው ይበልጣል። ቀዝቃዛውን ቀድቶ ማፍላት ነው።

ከጣሪያ ጀምሩ

ሁለቱም ብርጭቆዎች ደለል ካሳዩ ቦይለር ማጠብ ድካም ብቻ ነው። ሮቶው ቆሻሻ ሆኖ ቦይለር ቢታጠብ በሁለተኛው ወር እዚያው ናችሁ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ ግዴታ ነው። ችግሩ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መስመሩ ውስጥ የተቀመጠውን ሁሉ ጠርጎ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ የመጀመሪያውን ወደ ሮቶ አታስገቡ። ግቢ ውስጥ ያለውን የታችኛውን ቧንቧ ክፈቱና በባልዲ ቅዱ። ያ ውሃ ለአትክልት ወይም ለሽንት ቤት ይሆናል። ሲጠራ የሮቶውን መስመር ክፈቱ። ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ገንዘብ አያስወጣም።

ሮቶውን ለማጠብ ውሃው ሊያልቅ ሲል ጠብቁ። ወደ ቤት የሚወርደውን መስመር ዝጉ። መውጫው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚገጠም ደለሉ ከሥሩ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ፈግፍጉ፤ የብረት ብሩሽ አይሁን። ዝቃጩን በማፍሰሻው፣ ማፍሰሻ ከሌለው በጆግ አውጡና ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። ለማጽዳት 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ሽታ አልባ በረኪና ለ1000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ይበቃል። ሌሊቱን ያድርና ይፍሰስ፤ ቤት ውስጥ እንዳይገባ። ትልቅ ታንከር ውስጥ ግን ብቻችሁን ገብታችሁ አትሥሩ፣ በበረኪና ሽታ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ። ክዳኑ ልክ መግጠሙን አረጋግጡ። የተሰነጠቀ ክዳን ቅጠልም አቧራም ወፍም ይጋብዛል።

ፊልተር መግጠም ለምትፈልጉ ቦታው ከሮቶው በኋላ፣ በቀዝቃዛው መስመር ላይ ነው። ፕላስቲክ ፊልተር ሙቅ መስመር ላይ ተገጥሞ ካያችሁ አስነሱት፤ ሙቀት አይችልም። ለደለል ሊታጠብ የሚችል ሽቦ ወንፊት ያለው ይበቃል። በጣም ደቃቁን ከመረጣችሁ ቶሎ ይደፈንና "ግፊት የለም" የሚል አዲስ ችግር ትገዛላችሁ። ኖራን ግን ይህ ፊልተር አይዘውም። ኖራው እዚያ ሲደርስ ገና የሟሟ ነው።

ቦይለሩን ማጠብ

ይህ ክዳን ሳይከፈት የሚሠራ ነው። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ይወጣዋል። የሚያስፈልገው መፍቻ፣ ቴፍሎን፣ ባልዲ፣ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ቱቦና ትዕግሥት።

1. መብራቱን ከብሬከሩ አጥፉ። የቦይለሩ ማብሪያ መጥፋቱ አይበቃም። ብሬከሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው "ለምን ጠፋ?" ብሎ እንዳያበራው። በቴስተርም አረጋግጡ። ውሃና 220 ቮልት አንድ ላይ ቀልድ አያውቁም።

2. ሙቁን ውሃ ተጠቅማችሁ ጨርሱት ወይም እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ማታ አጥፍቶ ጠዋት መሥራት ጥሩ ነው።

3. ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ መስመር መዝጊያ ዝጉ። መግቢያው ሰማያዊ ምልክት አለው፣ መውጫው ቀይ። ከዚያ ሙቁን ቧንቧ ክፈቱ፤ ግፊቱ ይውጣ።

4. ሰማያዊው በኩል ትንሽ እጀታ ያላት ሴፍቲ ቫልቭ አለች። አፏ ላይ ቱቦ ሰክታችሁ ወደ ባልዲ ወይም ወደ ፍሳሽ አውርዱ። እጀታዋን አንሱ። ውሃው መውረድ ይጀምራል። የሚጀምረው ከታች ስለሆነ መጀመሪያ የሚመጣው ድፍርሱ ነው። ባልዲው ሥር የሚቀመጠውን ተመልከቱ፤ ሳህን ላይ ካያችሁት ጋር አንድ መሆን አለበት።

5. አልወርድ ካለ ወይ አየር አጥቷል ወይ ቫልቯ ተደፍናለች። በቀዩ በኩል ያለውን ፍሌክሲብል ላላ ስታደርጉት አየር ይገባል። ቫልቯ ከተደፈነች ደግሞ ባልዲ ደቅኖ መፍታት ነው፤ ያኔ ብትቀይሯትም ይሻላል፣ ምክንያቱም የተደፈነች ሴፍቲ ቫልቭ ሥራዋን አትሠራም።

6. ቫልቯን መልሳችሁ ግጠሙ። የቀዝቃዛውን መዝጊያ ለአፍታ በኃይል ክፈቱና ዝጉ። የገባው ውሃ ሥሩ ላይ የቀረውን ይበጠብጠዋል። እንደገና አፍስሱ። ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ድገሙ።

7. ስትጨርሱ ሙቁን ቧንቧ ክፍት አድርጋችሁ ቀዝቃዛውን ልቀቁ። መጀመሪያ ይተፋል፣ ያስነጥሳል። አየሩ አልቆ ያለ መቆራረጥ ሲወርድ ሞልቷል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ብሬከር አይነካም። ውሃ ያልሸፈነው ማሞቂያ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

ስለዚያች ሴፍቲ ቫልቭ አንድ ነገር ልጨምር። ቦይለሩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቷ ተፈጥሮዋ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ትርፉን በእሷ ያወጣል። ጠብታው አስቸገረን ብለው በእንጨት ወይም በቡሎን የሚደፍኗት ሰዎች አሉ። እንዲህ ከሆነ ቤታችሁ የተሰቀለው ፈንጂ ነው። ጠብታው ካስቸገረ ቱቦ ወደ ፍሳሽ ይውረድላት።

ክዳኑን መክፈት

ታጥቦም ነጭ ፍርፋሪው ካልቆመ ወይም መንጣጣቱ ከቀጠለ ቅርፊቱ ከሥር መፈንቀል አለበት። እዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ስለሚነቀል፣ ያልለመዳችሁ ባለሙያ ጥሩ። ግን ምን እንደሚሠራ ብታውቁ ጥሩ ነው፤ "አጠብኩት" ብሎ የሚሄድ አለና።

ውሃው ሙሉ በሙሉ ከወረደ በኋላ ከቦይለሩ ሥር ያለው የፕላስቲክ ክዳን በካቻቢቴ ይፈታል። ገመዶቹ ሳይነቀሉ በስልክ ፎቶ ይነሱ። ቀጥሎ ማሞቂያውን የያዘው ክብ ብረት ቡሎኖች ይፈታሉ። ሰፊ ባልዲ ከሥር ይሁን፤ ወለሉም ላይ ጨርቅ። ምክንያቱም ብረቱ ሲወርድ የቀረው ውሃ ከነደለሉ ዱብ ይላል። ለዓመታት ሳይከፈት ከቆየ የሚወርደው ውሃ አይመስልም፤ እርጥብ ጠጠር ነው። የእንቁላል ቅርፊት የመሰሉ ቁርጥራጮች በእፍኝ ይወጣሉ። ማሞቂያው ብረት ራሱ ቅርጹ ጠፍቶ ነጭ ድንጋይ ለብሶ ይታያል።

ያን ድንጋይ በቢላ አትፋቁት፤ የብረቱ ሽፋን ይቆስላል። ብረቱን ብቻ፣ የኤሌክትሪኩን ጫፍ ከላይ አድርጋችሁ፣ አቼቶ በያዘ ረጅም ዕቃ ውስጥ አቁሙት። ይንጨረጨራል። ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል፤ የባሰው ቢያድር። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይለቅቃል። ሲትሪክ አሲድ ካገኛችሁም ይሠራል። ለሽንት ቤትና ለሴራሚክ የሚሸጠውን ኃይለኛ አሲድ ግን ቦይለር ውስጥ አታስገቡ፤ ብረቱን ይበላል። በምንም ምክንያት ደግሞ አቼቶም ሆነ ሌላ አሲድ ከበረኪና ጋር አይገናኝ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ጠባብ ነው።

የቦይለሩን ሆድ ውስጥ በእጅና በስፖንጅ ጥረጉ። በስልክ መብራት እዩት። ግድግዳው ላይ የዝገት ቁስል ካለ መጥፎ ዜና ነው።

አኖዱን ተመልከቱ። ጤነኛው ወፍራም ዘንግ ነው። የመሃሉ ቀጭን ሽቦ ብቻ ከቀረ ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚህ በኋላ የሚበላው የቦይለሩ ሆድ ነው። ስፋቱንና ጥርሱን ይዛችሁ ሂዱና ተመሳሳዩን ግዙ። ባለሙያችሁ አኖዱን ሳያሳያችሁ ከዘጋው ሥራው አላለቀም። ክቡ ብረት ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገውን ጎማም አብራችሁ ቀይሩ፤ አሮጌ ጎማ አንዴ ከተነሳ በደንብ አይመለስም። ቡሎኖቹ ሲጠብቁ አንዱ ከጠበቀ በኋላ ቀጥሎ የሚጠብቀው ፊት ለፊቱ ያለው እንጂ ጎኑ ያለው አይደለም። ውሃ ሙሉ፣ ደረቅ ሶፍት ዙሪያውን አስነኩ፣ ካልረጠበ ገመዱን መልሱ። የመሬት ገመዱ፣ ማለትም ኧርዙ፣ መታሰሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ክዳኑ አይዘጋ።

ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ አካባቢ አድርጉት። ከዚያ በላይ ኖራው ይፈጥናል። ብዙ ዝቅ ካለ ደግሞ፣ በተለይ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው መካከል፣ ሌጂዮኔላ የተባለው ሳንባ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይመቸዋል። 60 ዲግሪ ውሃ በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል። ልጅ ስታጥቡ ሳፋው ላይ ቀዝቃዛው ይቅደም።

ሻወሩ ራስ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አትርሱ። ፌስታል ውስጥ አቼቶ አድርጉ፣ ሻወሩ እንዲነከር አንጠልጥላችሁ በላስቲክ እሰሩ፣ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ኒኬል ቅብ ከሆነ አታሳድሩት፤ ቀለሙ ይደበዝዛል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ቤዝመንት ውስጥ የሚቆመው ቦይለራችሁ ከሥሩ ማፍሰሻ ቧንቧ አለው፤ የአትክልት ቱቦ ገጥሞ ማፍሰስ ነው። እዚያ ከ1993 እስከ 1996 ባሉት ዓመታት የተሠሩ ብዙ ቦይለሮች ቀዝቃዛውን ውሃ ወደ ሥር የሚያወርደው የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ለውስጥ እየተፈረካከሰ ነጭ ፍርፋሪ ሲተፉ ነበር። ብዙ ሰው ኖራ መስሎት ደክሟል። አቼቶው የሚለየው ይህን ነው።

የሚቀየርበት ጊዜም አለ። ውሃው ከመገጣጠሚያ ሳይሆን ከራሱ ከሆዱ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ብየዳ አያድነውም። አዲስ ስትገዙ አኖድና ጎማው ለብቻው እንደሚሸጥ ጠይቁ። ሲሰቀልም ኮርኒስ ሥር ወይም ከሽንት ቤቱ ታንከር በላይ አጣብቀው እንዳይሰቅሉት። ማሞቂያው ረጅም ስለሆነ ከሥሩ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ባዶ ቦታ ይተውለት፤ ወደ ታች ካልተሳበ አይወጣም።